የቤዛ ሽሮፕ

የታላቅ እህቴ አርባ ከወጣ በኋላ ዕቃዋን ላመጣ ቡራዩ ሄድኩ። ተከራይታ የነበረችው ክፍል ትንሽ ናት፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ ጥቂት ሳህንና ብርጭቆ። ከቁልፉ ጋር ስታገል የጎን በር ተከፈተና አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። የሽሮፕ ጠርሙስ ነቀነቀች። ክዳኑን ስታዞረው ሽታው መጣ። የሙዝ ከረሜላ የሚመስል፣ ግን ሙዝ ያልሆነ፣ ከሥሩ መራራ ነገር ያለበት ሽታ። ቁልፉን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተውኩትና አጥሩ ጋ ሄጄ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

እንዴት እንደሞተች አልጽፍም። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ሲያወራ የነበረው እሱን ነው፤ ይበቃል። እኔ የምጽፈው... እኔ የምጽፈው ያሸነፈችበትን ክረምት ነው።

ያኔ የምንኖረው ሰበታ ነበር። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲከብደን ወደዚያ ወጣን። እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና ያን ክረምት ያሳለፈው መንገድ ላይ ነው። ልጆቹ ሦስት ነን። ታላቋ መሠረት ናት፤ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። ሌላው ሰው መሲ ይላታል፣ እኔ ግን እታለም ነበር የምላት። ቀጥሎ እኔ ናሆም፣ ገና ጥርሴ የሚነቃነቅ። ታናሿ ቤዛ ናት፤ መሮጥ ጀምራለች፣ ማውራት ግን ገና እየለመደች ነበር።

አከራያችን አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ቤተሰባቸው ከድሮ ጀምሮ እዚያው መሬት ላይ ሲያርስ የኖረ ነው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ እርሻቸውን ግቢ አደረገው፤ ግቢው ደግሞ በቆርቆሮ የተሸፈኑ የኪራይ ክፍሎች ሆነ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ ሲቆጡ ግን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ነው የሚጨርሱት። በክፋት አላስታውሳቸውም። እዚያ ግቢ ውስጥ ነገር ሁሉ የጋራ እንዲሆን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ፍም የጠፋበት ከሳቸው ምድጃ ይጭራል። ጨው ያለቀበት ከሳቸው ማሰሮ ይዘግናል። መድኃኒትም እንደዚያው ነበር። አልጋቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው። ተከራዩ ሁሉ ከሕመሙ የተረፈውን ክኒን እዚያ ይጨምራል፤ የታመመ ደግሞ መጥቶ በቀለም መርጦ ይወስዳል። ቀይና ቢጫው ለቁስል፣ ሮዙ ለሆድ፣ ነጩ ለሁሉ ነገር። መድኃኒት ይዞ የከለከለ ሰው እሳት እንደከለከለ ነው የሚቆጠረው። ከልካይ ግን አይቼ አላውቅም። እታለም እስክትከለክል ድረስ።

ያ ክረምት ጭጋጉ ከባድ ነበር፤ ወጨጫ ተራራ ጭራሽ የጠፋ ይመስል ነበር። ቤዛ መጀመሪያ አስነጠሳት። ከዚያ ሳል ጀመራት። አንድ ቀን ጠዋት፣ እናቴ ሥራ ከሄደች በኋላ፣ እታለም የቤዛን ሹራብ ገልጣ ደረቷን ስታይ ቆየች። እኔም አየሁ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል፤ ቶሎ ቶሎ፣ ቶሎ ቶሎ። በሆዷ የምታጫውተን መስሎኝ ሳቅኩ።

እታለም አልሳቀችም። “ነጠላውን አቀብለኝ፤ ጃንጥላውንም ያዝ” አለችኝ።

በሩ ላይ አዴ ጫልቱ አገኙን። “ኢንተሎ!” አሉ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ “በዚህ ዝናብ ሕፃን ይዘሽ የት ነው?”

“ጤና ጣቢያ ነው፣ አዴ።”

“ለሳል? ነይ ግቢ፣ ከቆርቆሮው አንድ ነገር አይጠፋም።”

“ሳሉ አይደለም ያስፈራኝ፣ ትንፋሿ ነው” አለች እታለምና ወጣን። ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወርደን በእግራችን ሄድን። ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ንፋሱ ሲገለብጠው እንደ ሳህን ውሃ ያጠራቅም ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲስተሯ ቤዛን እታለም ጭን ላይ አስቀመጠች። ልብሷን ገለጠችና የእጅ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች መሆኑ ገባኝ። ምን እንደምትቆጥር ግን አላወቅሁም፤ ቤዛ የቀራትን ዕድሜ የምትቆጥር መሰለኝ። ስለዚህ ቁጥሩ እንዲበዛ በሆዴ ጸለይኩ።

“ብዙ ነው” አለች ሲስተሯ ቀና ብላ።

“ተመስገን!” አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። የቆጠረችው ትንፋሽ ነበር።

“የሳንባ ምች ነው። በጊዜ አምጥተሻታል፤ ቤት ሆና በሽሮፕ መታከም ትችላለች። ግን በትክክል ከተሰጣት ነው” አለች ሲስተሯ። ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳ ሽፍታ ወይም የፊት እብጠት ወጥቶባት እንደሆነ ጠየቀች። አልወጣባትም። ሚዛን ላይ አወጣቻት። ከዚያ ዱቄት ያለበት ጠርሙስና መርፌ የሌለው ስሪንጅ አምጥታ፣ ስሪንጁ ላይ አንዱን መስመር በእስክሪብቶ አጠቆረችው። “የሷ ልክ ይቺ ናት። በኪሎዋ ነው ያወጣሁት። ጠዋትና ማታ፣ አምስት ቀን።”

“ይቅርታ ሲስተር፣ አንዴ ልድገመው” አለች እታለም።

“ድገሚው።”

እታለም ዓይኗን ጨፍና ደገመችው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ጠርሙሱ ላይ እስካለው መስመር ድረስ ብቻ ነው የሚጨመረው። ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ መነቅነቅ አለበት። የተሻላት ቢመስልም አይቋረጥም። ወዲያው ከተፋችው ይደገማል፤ ቆይታ ካስመለሳት ግን ሳይጠየቅ አይደገምም። ትንፋሿ ከባሰ፣ ጡጦ እምቢ ካለች፣ ወይ ሽፍታና እብጠት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ መምጣት ነው።

ሲስተሯ ሳቀች። “አንቺ ልጅ፣ ፈተና አስመሰልሽው እኮ።”

“ፈተና ነው” አለች እታለም።

ቤት ስንደርስ ከሰል አቀጣጥላ ውሃ አፈላች። ከዚያ በኩባያ አድርጋ በሳህን ከደነችውና እኔን ከፊቱ አስቀመጠችኝ። “ዝንብ እንዳይገባበት ጠብቀው። ጣትህም ዝንብ ነው።” ስጠብቅ ስጠብቅ፣ የውሃ መቀዝቀዝ የመሰለ ረጅም ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ተረዳሁ። ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ዱቄቱን ፈታችው። ውሃውን ከፈል አድርጋ ጨመረችና ነቀነቀች። አረፋው እስኪወርድ ጠበቀች። ቀሪውን ጨምራ ጠርሙሱን ከዓይኗ ትይዩ አንስታ መስመሩን አየች፤ እንደገና ነቀነቀች። ያ የሙዝ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

“ለምንድን ነው እንደዚህ የምትነቀንቂው?” አልኳት።

“ዝም ብሎ ከተቀመጠ መድኃኒቱ ከታች ይተኛል። ቤዛ ውሃውን ብቻ ጠጥታ ትቀራለች።”

ይተኛል ያለችኝን እንዳለ አመንኩ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ጠርሙሱ ጠጋ ብዬ “ተነሣ! ተነሣ ሥራ አለ!” እላለሁ፤ እናቴ ለጠዋት ፈረቃ ስትቀሰቀስ እንደምሰማው።

መጀመሪያ ስሪንጁን ሳይ ግን አልቅሼ ነበር። ምላሷን ሊወጓት መሰለኝ። እታለም ወስዳ በውሃ ሞላችውና አፌ ውስጥ ረጨችልኝ። “ሞትክ?” አለችኝ። አልሞትኩም። ቤዛ ግን በኔ አልተጽናናችም። የመጀመሪያውን ልክ አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችና ፊቴ ላይ ተፋችው። ዓይኔ ሳይቀር ሙዝ ሸተተ።

ጩኸቱን ሰምተው አዴ ጫልቱ መጡ። የልጃቸው ልጅ ሮባ ቀሚሳቸውን ይዞ ከኋላ ቆሟል። “አያያዙን አታውቂበትም። አፍንጫዋን ያዥው፣ አፏን ስትከፍት ድፊው። እኛ ሁላችን እንዲህ ነው ያደግነው።”

“ትን ይላታል፣ አዴ። ሳንባዋ ታሞ እንደገና ሳንባዋ ውስጥ ልጨምርበት?” አለች እታለም። ቤዛን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። ስሪንጁን እንደገና እስከ ጥቁሯ መስመር ሞላች። “ናሆሜ፣ ሥራህን ጀምር።”

ሥራዬ መጨፈር ነበር። የውሃ ባልዲውን ራሴ ላይ ደፍቼ ዘለልኩ። ቤዛ አፏን ከፍታ አየችኝ። እታለም የስሪንጁን ጫፍ ወደ ጉንጯ ውስጥ አስገብታ ትንሽ ጨመረች፤ ቤዛ ዋጠች። ደግሞ ትንሽ፤ ዋጠች። ባልዲው ውስጥ ሆኜ “አለቀ?” እላለሁ፤ “ቀጥል!” ትላለች እታለም። አለቀ። ሮባ አጨበጨበልኝ።

“እንግዲህ በማንኪያ ብትሰጫት ይኼ ሁሉ ሰርከስ ምን ይሠራል?” አሉ አዴ ጫልቱ። “ማንኪያ ሁሉ አንድ ነው።”

እታለም ክርክር ስትወድ ፊቷ ያስታውቃል። የኛን ማንኪያ አመጣች። የጎረቤታችንን ተዋሰች። አዴ ጫልቱንም “የእርስዎንም ይስጡኝ” አለቻቸው። ስሪንጁን በንጹሕ ውሃ እስከ መስመሩ እየሞላች በየማንኪያው ገለበጠችው። የኛ ሞልቶ ፈሰሰ። የጎረቤታችን ልክ አፋፉ ላይ ቆመ። የአዴ ጫልቱ ማንኪያ ግን ግማሹም አልሞላ።

አዴ ጫልቱ ማንኪያቸውን አንስተው ተመለከቱት። “የኔ የድሮ ነው። የድሮ ሰው አፍ ሰፊ ነበረ!” አሉና እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ማንኪያ ያነሣ ሰው የለም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቤዛ ተለወጠች። ትንፋሿ ረጋ። ሆዷ መሰርጎዱን ተወ። ጡጦዋን ጨርሳ ጮኸች፣ ከዚያ ወጥታ የአዴ ጫልቱን ዶሮ እስከ አጥሩ አባረረቻት። ዶሮዋ በሕይወቷ እንደዚያ የተደፈረች አይመስለኝም። እታለም በሩ ላይ ቆማ የምታየው ቤዛን ሳይሆን የቤዛን ደረት ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ነው አዴ ጫልቱ ብርጭቆ ይዘው የመጡት። እናቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

“ሮባ ሲስል ነው የዋለው” አሉ። “ከዚያች ከሙዟ ጠብ አድርጊልኝ፣ ኢንተሎ። ቤዛ እንደሆነች ድናለች፤ ዶሮዬ ምስክር ናት።”

እታለም ተነሥታ ቆመች። “አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልችልም።”

“አልችልም ማለት?”

“የቤዛ ነው። ገና አልጨረሰችም።”

አዴ ጫልቱ ብርጭቆውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። “እናንተ ቤት ፍም ሲጠፋ ከማን ምድጃ ነው?”

“ከእርስዎ።”

“ጨውስ?”

“ከእርስዎ ነው፣ አዴ።”

“ታዲያ?”

“ፍም ቢጫር ምድጃው አይጎድልም። ይኼ ግን ይጎድላል። ደግሞ የተለካው በቤዛ ኪሎ ነው። የሮባን ሳል ምን እንዳመጣው እኔ አላውቅም።”

“እኔ አውቀዋለሁ! የልጄ ልጅ ነው!” አሉ። ከዚያ ንግግራቸው ወደ ኦሮምኛ ተሻገረ። ሁሉን አልያዝኩትም፤ “ዋቃ ኮ” የምትለዋን፣ አምላኬ ማለታቸውን፣ ደጋግመው ሲሉ ግን ሰማሁ። ባዶ ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡ። በግቢው ውስጥ አዴ ጫልቱ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ሲመለሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ቧንቧው ተቆልፎ አገኘነው። የግቢው ቧንቧ የብረት ሳጥን ነበረው፤ ቁልፉ አዴ ጫልቱ ወገብ ላይ ነው የሚውለው። ለሌሎቹ ተከራዮች ከፍተው ይቀዱላቸዋል። እታለም ባልዲ ይዛ ስትቀርብ ግን ይቆልፉና ጎመናቸውን ለመኮትኮት ይሄዳሉ። እታለም ባልዲውን ከጣራው አሸንዳ ሥር አስቀመጠች። ዝናብ እንደሆነ ሰበታ ላይ የማንም ቁልፍ አያስቆመውም።

እናቴ ግን ፈራች። ያን ቀን ፈረቃዋ የከሰዓት ስለነበር ጠዋት ቤት ነበረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እታለምን ያዘቻት።

“ስጫቸው መሲ። ጠብታ ነገር ነው። ልጅቷ እንደሆነች ተሽሏታል።”

“እማዬ፣ መሻልና መዳን አንድ አይደለም አለች እኮ ሲስተሯ።”

“ሲስተሯ ቤት አታከራየንም! በዚህ ክረምት ልቀቁልኝ ቢሉኝ የት ነው የማስገባችሁ? ንገሪኝ፣ የት?”

እታለም ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አውርዳ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። “እሺ። እናቴ ነሽ፣ ስጪ ካልሽኝ እሰጣለሁ። ግን ከየትኛው እንደምቀንስ አንቺ ንገሪኝ። ከዛሬ ማታው ነው ከነገው? ለሁለት ልጅ ግማሽ ግማሽ ሰጥተን ሁለቱም ሳይድኑ ቢቀሩ፣ ለአዴ ጫልቱ ያኔ ምን እንላቸዋለን?”

እናቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። ቤዛ መጥታ እግሯን አቀፈቻት፤ ሽሮፑን አይታ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። እናቴ ሳትፈልግ ሳቀች። ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

“ታዲያ ምን ይሻላል?” አለች።

እታለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ በቀጥታ ወደ አዴ ጫልቱ በር ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ ካባረሯት አብሬ ለመባረር።

“አዴ” አለች በሩ ላይ ቆማ፣ “መድኃኒቱን አልሰጥዎትም። ጀርባዬን ግን እሰጥዎታለሁ።”

“ጀርባ?” አሉ አዴ ጫልቱ፤ ሽንኩርት መላጣቸውን አላቋረጡም።

“ሮባን አዝዬ ጤና ጣቢያ ልውሰደው። ለሱ የሚሆነውን ለሱ ይስጡት። እርስዎ ጃንጥላ ይያዙ።”

አዴ ጫልቱ ሽንኩርቱን ጨርሰው ላጡ። ቢላዋውን ጠረጉ። ሮባን አዩት፤ ሮባ ሳለ፤ ጊዜውን አሳምሮ ነው የሳለው። “ጃንጥላዬ ትልቁ የት ነው?” አሉ።

ሮባ ከቤዛ በጣም ይከብዳል። እግሮቹ ከእታለም ጉልበት በታች ይንጠለጠላሉ። ጭቃው ጫማዋን አንዴ ይዞ አስቀረው፤ በባዶ እግሯ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ ነው የታወቃት። እኔ ጫማውን ነቅዬ በእጄ ያዝኩ። አዴ ጫልቱ ጃንጥላውን ለሮባ ነው የያዙለት፣ እታለም ግን ትረጥባለች። ትንሽ እንደሄድን ጃንጥላው ወደ እሷም ዘንበል አለ።

ያቺው ሲስተር ነበረች። ሮባን አየችው፤ ትንፋሹን ቆጠረች፤ ጆሮውን፣ ጉሮሮውን አየች። አሁን ቁጥሩ ዝቅ እንዲል ነበር የምጸልየው። “ጉንፋን ነው” አለች። “ሳንባው ደህና ነው። የቤዛ ዓይነት ሽሮፕ አያስፈልገውም፤ ቢወስደው ሆዱን ያበላሽበት እንደሆነ ነው እንጂ ጉንፋኑን አይነካውም። ትኩስ ትኩስ ነገር ይጠጣ። ትንፋሹ ከተለወጠ ወይ ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ይመልሱት።”

አዴ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ምንም የተቀመጠበት ነገር የለም።

“ሌላስ?” አሉ።

“በቃ፣ እናቴ።”

“ይኼን ሁሉ ጭቃ ረግጬ ባዶ እጄን ልትመልሺኝ ነው? ለአንዷ ሙዝ፣ ለኔ ልጅ ትኩስ ውሃ?”

“የእርስዎ ልጅ ጤነኛ ነው እኮ!” አለች ሲስተሯ።

አዴ ጫልቱ ይህን አላሰቡበትም ነበር። የሮባን ጭንቅላት በመዳፋቸው ሸፈኑት። ወደ እታለም ዞሩ፤ ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አንድ እግሯ ጫማ፣ አንድ እግሯ ጭቃ ነው። “ብትሰጪኝ ኖሮ ለጤነኛ ልጅ ላጠጣው ነበር?”

“አዎ፣ አዴ።”

“የቤዛን ቀንሼ?”

“አዎ።”

ስንመለስ ሮባ በራሱ እግር ነው የሄደው። “ጤነኛ ነህ ተብለሃል፣ ርገጥ!” አሉት አያቱ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ ሲስተሯ ምን እንዳለች ሲያወሩ፣ ግቢ እስክንደርስ የልጃቸው ጤንነት ከሽልማት ጋር የተሰጠ መሰለ። ግቢ ስንገባ የቧንቧውን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ለእታለም ሰጧት። “አንቺው ቅጂ” አሉ።

አምስተኛው ቀን መጣ። የመጨረሻው የማታው ልክ ነበር የቀረው። ገና ብርሃን አለ። እናቴ ፈረቃ ቀይራ ቀድማ ገብታለች። አዴ ጫልቱ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው በራችን ላይ ተቀመጡ። ሮባም መጣ። ከጎን ክፍሎች ያሉትም አንድ በአንድ ወጡ፤ ሠርግ ያለ ይመስል ነበር። እኔ ባልዲዬን ራሴ ላይ ደፋሁ።

እታለም ጠርሙሱን ነቀነቀች። ስሪንጁን እስከ ጥቁሯ መስመር ሞላች። ከዚያ ለእናቴ ሰጠቻት። “ይቺ ያንቺ ናት።”

እናቴ ስሪንጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ከሥራ ስትገባ የሚሰጠው ተሰጥቶ፣ ስትወጣ ገና ሳይደርስ፣ አንዱንም በእጇ ሰጥታ አታውቅም ነበር። “ወደ ጉንጯ” አለች እታለም በቀስታ፣ “ወደ ጉሮሮዋ አይደለም። ትንሽ ትንሽ። ዋጥ ስታደርግ ጨምሪ።” እኔ መዝለል ጀመርኩ። ግን አላስፈለገኝም። ቤዛ እናቷን አየች፣ አፏን በራሷ ከፈተች። ዋጠች። ደግማ ከፈተች። ዋጠች። ሲያልቅ ባዶ አፏን ለሁላችንም ዞር እያለች አሳየች።

“እልልልልል!” አዴ ጫልቱ ናቸው። ከበርጩማቸው ተነሥተው ነው ያሉት። ግቢው ተቀበላቸው። ዶሮዋ ደንግጣ አጥር ላይ ወጣች።

ጠርሙሱ ሥር ትንሽ ተርፎ ነበር። አዴ ጫልቱ አዩት። እታለምም ሲያዩት አየች። “ነገ ለጤና ጣቢያ እመልሰዋለሁ” አለች።

“እኔ ምን አልኩ?” አሉ አዴ ጫልቱ። “መልሺው! ቆርቆሮዬንም ይዘሽልኝ ሂጂና የማያስፈልገውን ይለዩልኝ። ግማሹ ለምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ።” በዚህም ተሳቀ።

በሳቁ መሐል እታለም ወጣች። ስትወጣ ያየሁት እኔ ነኝ። ካፊያ ነበር፣ ሰማዩ በወጨጫ በኩል ተከፍቶ ተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ሁሉ ቀን እንደ ትልቅ ሴት ነጠላ አሸርጣ፣ ጠርሙስ ስትነቀንቅና ደረት ስታይ ሰንብታ፣ አሁን ነጠላዋን ፈትታ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። እንጨት አነሣች። ግቢው መሐል እርጥቡ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠራች፤ ትልልቅ ሳጥኖች፣ እስከ አዴ ጫልቱ ጎመን ድረስ። ጠጠር ወረወረች። አንድ እግሯን አጠፈችና መዝለል ጀመረች።

“ኢንተሎ! ጭቃ ነው፣ ትወድቂያለሽ!” ጮኹ አዴ ጫልቱ።

“አልወድቅም!” አለች እታለም ዞር ሳትል።

ጭቃው ቀሚሷ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ ይፈነጠቃል። እናቴ ቤዛን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ቤዛ ታጨበጭባለች። ሮባ ይቆጥርላታል፣ እኔ ባልዲዬን እደልቃለሁ። እታለም በአንድ እግሯ እስከ መጨረሻው ሳጥን ሄደች። እዚያ ትንሽ ተወዛወዘች፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ዞረች። በዚያው በአንድ እግሯ፣ እየሳቀች፣ ወደ እኛ ተመለሰች።

አልወደቀችም።